መርዶ ነጋሪው በጀልባ ላይ

«እና እስከ ነገ ጠዋት እንዲህ እየሳቀ ይቆይ ነው የምትሉት?» አለ ባለጀልባው። «እኛ ደግሞ ዝም ብለን እያየነው?»

«ድምፅህን ቀንስ» አሉት እትዬ።

«አይሰማም። ውሃው ይጮሃል።»

ውሃው በእርግጥ ይጮህ ነበር። ሎክ ላይ ነበርን። ሎክ የሚሉት በከባባድ የእንጨት በሮች መካከል የተሠራ የድንጋይ ጉድጓድ ነው፤ ጀልባዋ ከታች ትገባለች፣ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል፣ ከዚያ ከላይኛው ቦይ ውሃ እየተለቀቀ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያነሣታል። ማስቸኮል አይቻልም። ባለጀልባው ገመዱን ይዞ፣ እትዬ ሻርፓቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ እኔ መቆም አቅቶኝ ከጫፍ ጫፍ እየተመላለስኩ፣ ሦስታችንም በአንድ በኩል ነን። ጓደኛችን በማዶ ብቻውን ነው። የበሩን ረጅም ግንድ በጀርባው ተደግፎ፣ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ቆሟል። እናቱ ማክሰኞ አርፈዋል። ያን ቀን ዓርብ ነበር። አልነገርነውም።

«ይሄ ሮንግ ነው» አለ ባለጀልባው። ለንደን ተወልዶ ያደገ ልጅ ስለሆነ አማርኛው የእናቱ የወጥ ቤት አማርኛ ነው፤ «እርስዎ» የሚባለው ነገር አልደረሰበትም፤ እትዬንም «አንቺ» ነው የሚላቸው። «አንቺ ትናንት ሙሉ ቀን ስለ እናቱ ሲያወራሽ አዎ፣ አዎ ስትይ ነበር። እንዴት ቻልሽ?»

«እንዴት እንደቻልኩ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው» አሉ። «አንተ እዚህ አገር ተወልደህ ነው። እዚህ ሐኪሙ በስልክ ይነግርሃል፣ አንተም ስልኩን ዘግተህ አውቶቡስ ትሳፈራለህ። እኛ ዘንድ ሰው ብቻውን መርዶ አይሰማም። ነገ ጠዋት አክስቱ ቤት ሰው ይሰበሰባል። ከሌሊት ፈረቃ የሚወጡትም ይደርሳሉ። ያኔ በወጉ ይነገረዋል።»

«እውነት ለመንገር ሚቲንግ ያስፈልጋል?»

«አዎ፣ ያስፈልጋል።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ፣ ገጣሚዋ?» ሲናደድብኝ ነው እንዲህ የሚለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት፤ መመላለሴን ቀጠልኩ። በሆዴ ከእሱ ጋር ነበርኩ። ይነገረው፣ ይለቅለት፣ እኛንም ይልቀቀን የሚል ነገር ሲያቃጥለኝ ነው ያደረው። እግሬ ዝም ብሎ መሄድ፣ የትም ይሁን የት መሄድ ይፈልጋል፤ እኔን ግን በሰው እርምጃ ፍጥነት በምትሄድ ጀልባ ላይ ጭነውኛል።

«ኧረ እናንተ!» ሲል ጮኸ ጓደኛችን ከማዶ። «ሦስት ሆናችሁ አንድ በር መክፈት አቃታችሁ? ምነው ቀባሪ መሰላችሁ?»

እትዬ ሳቁ። ቀልዱ ከሚገባው በላይ ረጅም ሳቅ ነበር።

እሱና እኔ ለንደን የገባነው በአገር ቤቱ ምርጫ ማግስት፣ ብዙ ሰው በወጣበት ጊዜ ነው። በተለያየ መንገድ መጥተን ቶተንሃም አንድ ቤት ውስጥ ተገናኘን፤ ሳሎኑ ሳይቀር መኝታ ቤት የሆነበት፣ ለማንቆርቆሪያ ወረፋ የሚያዝበት ቤት። የእሱ ጉዳይ ገና አልተወሰነለትም ነበር። ጠበቃው «ጠብቅ» ይለዋል፣ እሱም ይጠብቃል። ከዚህ አገር ቢወጣ መመለስ ስለሌለ ለእናቱ ቀብርም ሆነ ለአርባቸው መሄድ አይችልም። እናቱን የሚቀብረው እዚሁ፣ በሰው ሳሎን ተቀምጦ ነው ማለት ነው። አክስቱ «በወጉ ይሁን» ብለው የሙጥኝ ያሉትም ለዚህ ይመስለኛል። ሌላ የሚሰጡት ነገር አልነበራቸውም።

ችግሩ ሰውየው እሱ መሆኑ ላይ ነበር።

እኛ ሰፈር ሽማግሌ የለም። ከእትዬ በቀር ሁላችንም በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነን፤ አባቶቻችንንና አጎቶቻችንን አገር ቤት ትተን ነው የመጣነው። ከአገር ቤት ክፉ ወሬ ሲመጣ ማን ይናገር? መጀመሪያ አካባቢ ሰው በአጭር መልእክት ሰምቶ አውቶቡስ ውስጥ ራሱን ስቶ የወደቀበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራው እንዴት እንደሆነ ሳይታወቅ በእሱ እጅ ገባ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፣ ሰው ሲያለቅስ አይደነግጥም። ሠላሳ ሳይሞላው የቶተንሃም መርዶ ነጋሪ ሆነ። ከዉድ ግሪንና ከሀክኒ ሳይቀር እየመጡ ይወስዱት ነበር።

ሻይ እየጠጣን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሲያስተምረን አስታውሳለሁ። የሐዘንተኛውን ስልክ ተዋሱት ይለናል፣ የእኔ ተበላሸ በሉና ውሰዱ፣ እንዳትመልሱ። ብቻውን አትተዉት፣ ግን እንዳይታወቅባችሁ ሥራ ስጡት፣ የሚሸከመው ነገር ፈልጉለት። ማታ አትንገሩ፣ ሌሊቱ አያልቅለትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እህል ሳይቀምስ እንዳትነግሩት፣ ከዚያ በኋላ ቢለምኑትም አይበላም። እኛም እየሳቅን፣ «አንተ ከመጣህ ሰው ይሸሻል፣ የሚያገባህ አታገኝም» እያልን እንሰማዋለን።

እንግዲህ ማክሰኞ ማታ አክስቱ ከኬኒንግተን ደውለው ለእትዬ ሲነግሯቸው፣ እትዬም ሲነግሩኝ፣ ያን ሁሉ የተማርነውን አውጥተን በራሱ ላይ ሞከርነው። ከእሱ የተማርነውን በእሱ ላይ ስንሠራበት ይታወቅብናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሐዘን ሰውን ያደነዝዛል ይላሉ፤ እኛን ሐዘኑ ሳይደርስ ነው ያደነዘዘን።

የጀልባው ሐሳብ የእትዬ ነው። እትዬ ሂትሮው ለአውሮፕላን ምግብ የሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ እኔንም አንድ ጊዜ እዚያ አስገብተውኝ ነበር፣ ወር ሳይሞላኝ ወጣሁ እንጂ። ጴንጤ ናቸው፤ እሱ ተዋሕዶ ነው። ሲገናኙ መከራከር እንጂ ሰላምታ የላቸውም፤ ግን ልብሱን የሚያጥቡለትም እሳቸው ናቸው። «ቶተንሃም እንዳይቆይ» አሉኝ። «እዚያ ሁሉም ሰምቷል፣ አንዱ ጅል መንገድ ላይ ነፍስ ይማር ይለዋል። ያ የጀልባው ልጅ ሰው ይፈልግ የለም?»

ይፈልግ ነበር። ባለጀልባውን የማውቀው ሳንድዊች በምሸጥበት ሱቅ ነው፤ በስልክ አማርኛ ሳወራ ሰምቶ «ታዲያስ» አለኝ፣ ከዚያ በኋላ ምሳውን ሌላ ቦታ በልቶ አያውቅም። የቤት ኪራይ ሲያቅተው ረጅምና ጠባብ የብረት ጀልባ ገዝቶ ገባበት። ቋሚ ማቆሚያ ለሌለው ጀልባ ሕጉ በየሁለት ሳምንቱ ቦታ መቀየር ነው፤ እና ከቶተንሃም ወደ ምዕራብ ሊወስዳት ሎክ የሚከፍትለት ሰው እየለመነ ነበር። ምክንያታችን የተሟላ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ተነሣን። ዓርብ ማምሻውን ፓዲንግተን አካባቢ እንደርሳለን፤ ቅዳሜ ሲነጋ አክስቱ አልጋ የሚያነሣላቸው ሰው ስለፈለጉ ሁላችንም በታክሲ ኬኒንግተን እንሄዳለን። እንዲህ ነበር ያልነው።

ያላሰብነው ነገር ሰውየው ደስ እንደሚለው ነው።

እሱን በዚያ ዓይነት አይቼው አላውቅም። ለንደን ቦዩ ላይ ስትታይ ሌላ ናት፤ ፊቷን ለአስፋልቱ ሰጥታ ለውሃው ጀርባዋን አዙራለች፤ የፋብሪካ ጓሮ፣ የሱፐርማርኬት ቆሻሻ ማስቀመጫ፣ የሰው ኩሽና መስኮት፣ በቺፕስ ላስቲክ ጎጆ የሠራች ጥቁር የውሃ ወፍ። እሱ ይህን ሁሉ እንደ ሠርግ ቤት እንግዳ እየዞረ ሰላም ይላል። የሎኩን ማዞሪያ ብረት ከባለጀልባው ነጥቆ አልመለሰም። ገመድ መወርወር ተማረ። አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት ከአበባ ማሰሮዎቿ መሐል ሆና «ቆንጆ ቀን» ብትለው «ከዚህም ይበልጣል» ብሎ መለሰላት። ስለ ጠበቃው አንድም ቃል አልተናገረም።

ስለ እናቱ ግን አወራ። እናቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። «እሷ እዚህ ብትኖር» ይላል፣ «ይቺን ጀልባ በአንድ ቀን ሥርዓት ታስይዛት ነበር። ‹ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ! ወደ ውስጥ!›» አንድ ጊዜ ልጅ ሆኖ በእሷ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ እናቴ ናት ብሎ ሳይከፍል ሲሄድ፣ ሁለት ፌርማታ ካሳለፈችው በኋላ ጆሮውን ይዛ ሕዝብ እያየ አወረደችው። ማታ ቤት ሲገቡ «ቤት ውስጥ ልጄ ነህ፤ አውቶቡስ ላይ ግን ሰው ነህ» አለችው። ይህን ሲያወራ እትዬ «አዎ፣ አዎ» እያሉ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ሽንኩርት መሆኑ ጠቀማቸው።

ዓርብ ጠዋት ከዚያ ሎክ ወጥተን፣ ሌሎችንም አልፈን፣ አይሊንግተን ስር የሚያልፈው ዋሻ አፍ ላይ ደረስን። ከዚያ በፊት ባለው መንገድ ሁሉ እኔ ወርጄ በቦዩ ዳር እየሄድኩ፣ እየቀደምኩ፣ ድልድይ ስር እየጠበቅኋቸው ነበር። «አንቺ ከጀልባዋ ትፈጥኛለሽ፤ ወይ ተሳፈሪ ወይ ጎትቻት» ይለኛል ባለጀልባው። ዋሻው ውስጥ ግን የእግር መንገድ የለም። መሳፈር ግድ ሆነ።

ባለጀልባው ከኋላ ሞተሩ ላይ ቆሞ ይመራል። እትዬ በውስጥ ድስታቸው አጠገብ ናቸው፤ ዋሻ ስለሚፈሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልያሉ። እሱና እኔ ከፊት፣ ጠባቧ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መብራቱ የጡቡን ግድግዳ እያበራ ይሄዳል። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ አንገታችን ላይ ያርፋል። የዋሻው ወዲያኛው ጫፍ እንደ መርፌ ቀዳዳ ይታያል፣ አይቀርብም።

«እትዬ ምስር ሠሩ» አለኝ።

«አዎ።»

«በዘይት።»

«ዓርብ አይደል።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ።» ሳቀ። «ከተዋወቅን ጀምሮ ዓርብ በመጣ ቁጥር የዶሮ እግር አፍንጫዬ ሥር ይዘው እየዞሩ ‹ወደ አፍ የሚገባ አያረክስም› ሲሉኝ ነው የኖሩት። አንድ ቀን አልፈውኝ አያውቁም። ዛሬ ጠዋት ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትጾመው ልጄ?›»

አንገቴ ላይ ያረፈውን ውሃ ጠረግኩ።

«ልጄ» አለ ደግሞ።

«ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቢሉህ ምናለ።»

«ትናንት ስልኬን ሲዋሱኝ ምንም አልጠረጠርኩም፤ እውነቴን ነው። አክስቴ አልጋ ያነሡልኝ አሉ ስትሉ ትንሽ ገረመኝ። አልጋውን ለፋሲካ እኔው ነኝ ያነሣሁላቸው። ቢሆንም ተውኩት፤ አሮጊት አልጋ ማዘዋወር ትወዳለች አልኩ። ምስሩን ሳይ ግን…» እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። «እህል ሳይቀምስ አትንገሩት ያልኳችሁ እኔ አይደለሁም?»

እጄ ሳላስበው አፌ ላይ ሄዷል።

«እዚያው ተዪው» አለኝ። «እንዳታነሺው። ምንም አልጠየቅኩሽም፤ አንቺም ምንም አልነገርሽኝም።»

ከውስጥ የእትዬ ጸሎት ይሰማል፤ ጌታን በስሙ እየጠሩ ዋሻው እንዳይናድ ይለምናሉ።

«ሰው ቤት ስሄድ» አለ፣ «ከመናገሬ በፊት ሁልጊዜ የማየው ነገር አለ። በሩን ሲከፍቱልኝ ፊታቸው ላይ ያለ ነገር። አንዳንዱ ጥርሱን እየቦረሸ ነው የሚከፍትልሽ። አንዷ ሩዝ ጥጄ ነበር፣ እንዳያርብኝ አለችኝ። ያ ፊት ዳግመኛ አይመለስም፤ ወስጄባቸው ነው የምሄደው። ለእኔ አንድ ቀን ሙሉ ደርሶኛል። ማንም እንዲህ አግኝቶ አያውቅም። አትውሰዱብኝ።»

«እኛ እኮ…»

«ስለ እናቴ ሳወራ አንዳችሁም ዓይኔን አላያችሁም። ነገ ጠዋት የአክስቴ በር ሲከፈት ትሞታለች። እስከዚያ አልሞተችም። ዛሬ ስለ እሷ አወራለሁ፣ እናንተም ስሙኝ። ይኸው ነው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መነገሩን የምፈልገው ለእሱ ብዬ ይመስለኝ ነበር።

«ለእነሱ ልንገራቸው?» አልኩት።

«ለማን? እትዬ ካወቁ ማልቀስ ይጀምራሉ። ያ ልጅ ካወቀ ደግሞ ያቅፈኛል።»

ብርሃኑ በድንገት ፊታችን ላይ ወደቀ። ወጣን። እሱ ተነሥቶ ገመዱን አነሣ፤ እኔ ጀልባዋ ዳር ሳትደርስ ዘለልኩ፣ ጉልበቴን ተጋጨሁ፣ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። እስከ ካምደን ድረስ አልተሳፈርኩም። ብስክሌተኞች ከኋላዬ ደወላቸውን ያንቃጭላሉ፣ ዞር አልልላቸውም። ለባለጀልባው መንገር ነበረብኝ፣ ያኔውኑ፣ ሎኩ ላይ ለብቻችን ስንቆም። አትንገሪ ተብያለሁ። የማውቀውን ነገር ይዤ ዝም ማለት የሚቀለኝ ሰው አይደለሁም፤ በዚያ ቀን ግን ሁለቱንም ወገን ደብቄ በመካከላቸው እመላለስ ነበር።

ከካምደን በኋላ ሎክ የለም፤ ቦዩ ሜዳ ይሆናል። የአራዊት መጠበቂያውን አጥር አልፈን፣ ትልልቅ ነጫጭ ቤቶች ዛፍ ውስጥ ተደብቀው ወደሚታዩበት ሰፈር ገባን። ፀሐይዋ ገና ከፍ እንዳለች ፓዲንግተን አካባቢ ካስማ መትተን ጀልባዋን አሰርናት። እትዬ ምግብ አቀረቡ።

እሱ በላ። እንዴት እንደበላ! እንጀራውን ከኪልበርን ገዝተው ነው ያመጡት፣ ከትናንት ወዲያ የተጋገረ፤ «ይሄ እንጀራ ከእኔ በፊት ነው ጥገኝነት የጠየቀው» እያለ፣ እየጎረሰ፣ እትዬንም እያጎረሰ። እሳቸውም የጾም ምግብ ነው ሳይሉ ጎረሱ። ባለጀልባው ከመታጠቢያው አጠገብ ቆሞ ሳህን ይዞ ነበር፣ አይበላም።

«እናቴ ይሄን ብታይ» አለ ጓደኛችን፣ «ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ አንድ ቆሞ። ‹የቆመው ይውረድ፣ ትርፍ ነው!›»

ባለጀልባው ወደ እሱ ዞረ። ሳህኑን አስቀመጠ። ተነሥቼ ክንዱን ይዤ በኋለኛው በር ወደ ሞተሩ አወጣሁት።

«ልነግረው ነው» አለኝ።

«ያውቃል።»

«ምን?»

«ያውቃል። ዋሻው ውስጥ ነገረኝ። እንዲነገረው አይፈልግም። እስከ ነገ ተወው።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ካወቀ ታዲያ ምን ችግር አለው?»

«ችግሩ… አልተነገረውማ። አልተነገረውም እኮ።»

«ትሰሚያለሽ ራስሽን?»

«ስማኝ፣ እባክህ…»

«አይ፣ አንቺ ስሚኝ። አባቴ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማንቸስተር ለሥራ ሄዷል አሉኝ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ሁሉም ጥቁር ለብሷል፣ ሁሉም ጉንጬን ይስመኛል፣ አባቴ ማንቸስተር ነው። ስዕል እየሣልኩ ለማንቸስተር አስቀምጥለት ነበር። የነገሩኝ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው።» ወደ በሩ ዞረ። «እሱም አይፈልግም የምትይኝ ስለ ፈራ ነው። ሰው ሁሉ ይፈራል። ኖባዲ እንዲህ ብቻውን መሆን አይፈልግም።»

ልይዘው እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ገብቷል። ተከትዬው ወረድኩ፤ በጠባቡ መተላለፊያ ላይ ትከሻው በሩን ሞልቶት ስለነበር ከጀርባው ሆኜ ነው የሰማሁት።

«እናትህ ሞታለች» አለ። «ማክሰኞ። ሶሪ፣ ወንድሜ።»

በእሱ አማርኛ ውስጥ ሌላ ቃል የለም። አረፉ አይልም፣ እግዚአብሔር ወሰዳቸው አይልም፣ ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው ብሎ አይጀምርም። ያለውን ነገር አለ።

እትዬ «ኢየሱስ» ብለው ማንኪያውን ጣሉ። ወዲያው ማልቀስ ጀመሩ፤ ሐሙስና ዓርብ የታመቀው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ፤ ደረታቸውን እየመቱ፣ «እኔ ልሙት፣ በወጉ ሊነገርህ ነበር ልጄ፣ በወጉ ሊነገርህ ነበር» ይላሉ።

በባለጀልባው ክንድ ሥር አሾልቄ አየሁት። ጉርሻው እጁ ላይ ነበር፤ ቀስ ብሎ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው። ዋሻው ውስጥ የነገረኝ ያ ነገር ፊቱ ላይ ነበር፣ ከዚያ አልነበረም። እንዴት እንደሄደ ልናገር አልችልም፤ ልጽፈው ብዙ ጊዜ ሞክሬ ቀድጄዋለሁ።

«ማክሰኞ?» አለ። ቀኑን አላወቀም ነበር። «ማክሰኞ ምን እያደረግኩ ነበር?»

እኔ አውቅ ነበር፤ ጓሮ ወንበር አውጥቶ የቤታችንን ልጅ ፀጉር እየቆረጠ ነበር፣ አንዱን ጎን አሳጥሮበት ስንስቅ ነው የዋልነው። ይህን አልነገርኩትም።

ባለጀልባው ተጠግቶ አቀፈው። ታቀፈ። እጆቹ ግን ወደ ታች እንደተንጠለጠሉ ናቸው። ባለጀልባው ለመልቀቅ መቼ እንደሚገባ ስላላወቀ ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆዩ፤ ከውጭ ዳክዬዎች ይንጫጫሉ፣ ሰው ውሻውን ይጠራል።

«አመሰግናለሁ ወንድሜ» አለው በመጨረሻ፣ መርዶ ሊነግር ሲሄድ በሚናገርባት ዝግ ባለች ድምፁ። ባለጀልባው ለቀቀው። ያን ጊዜ ይመስለኛል ምን እንዳደረገ የጠረጠረው፤ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ስልኬን ይስጡኝ።»

እትዬ ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡት፤ እጁን ይዘው ሊስሙት ሲሉ እሱ ቀድሞ ጎንበስ ብሎ ግንባራቸውን ሳማቸው። ስልኩን አልከፈተውም። ኪሱ ከተተው፣ ጃኬቱን ከመስቀያው አወረደ።

«ነገ ጠዋት ኬኒንግተን እገኛለሁ» አለ። «አክስቴ እንደሰማሁ እንዳያውቁ። ሰው ከሌሊት ፈረቃ እየወጣ ነው የሚመጣው፤ በሩን የሚከፍተው፣ ውሃ የሚይዘው፣ ሁሉም ተደልድሏል። እንዳልሰማ ሆኜ እገባለሁ። እናንተም እንዳልነገራችሁኝ ሁኑ።»

«ብቻህን አትሂድ» አለው ባለጀልባው። «አብሬህ ልሂድ። ፕሊዝ።»

«ብቻዬን ነዋ የምሄደው» አለው፤ በቁጣ አልነበረም።

ከዚያ አየኝ። ዋሻው ውስጥ ብቻችንን ለነበርነው ሁለታችን የሚሆን አንድ ቃል ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ያን ቀን ሙሉ አላርፍ ያለው እግሬ ተነሥቶ ሊከተለው ሲል መዳፉን ዘርግቶ አቆመኝ። ቆምኩ። ፊት ለፊት ወዳለው በር ሄደ። የጀልባ በር ዝቅ ያለ ስለሆነ አንገቱን ሰብሮ፣ ደረጃውን ወጣ፣ ዳር ላይ ሲወርድ ጀልባዋ ወደ እሱ ዘንበል ብላ ተመለሰች፤ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ በሩን ዘጋው።